የተዘቀዘቀው ነጠላ

ሰዓደት አብዱልጀባር በዕድሜዋ ፈርታ የምታውቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሱም ዓርብ ዕለት፣ ምሳ ላይ።

አባቷ ከጁምዓ መልስ ሹፌር ወዳጆቻቸውን ሰብስበው ያበሉ ነበር። ቃሊቲ ውስጥ «አብዱልጀባር ኤንትሬ» ካልተባለ እኒህን ሰው የሚያውቃቸው የለም። ከወሎ መጥተው፣ በዚያች አሮጌ ኤንትሬ ከባድ መኪና አሰብ ድረስ እየተመላለሱ ነው ቤት የሠሩትም፣ ሴት ልጃቸውን ዩኒቨርሲቲ ያደረሱትም። ከእንግዶቹ አንዱ አጥንቱን እየጋጠ፣ «ሰዓደትን ሳሪስ አቦ አካባቢ ከአንድ ጎረምሳ ጋር ስትሄድ አየኋት ልበል?» አለ።

አባቷ ቀና አሉ። «ማነው እሱ?»

ሰዓደት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መምህሮቿን በክርክር ያስመረረች፣ በዘመቻው ጊዜ ባሌ ወርዳ ከባላባት ጋር የተፋጠጠች ሴት ናት። በዚያች ምሳ ላይ ግን ምላሷ ተሳሰረ። «ሸማኔው ነው» አለች። «ለሥራ ነው።»

ሰዎቹ ሳቁ። አባቷም ወደ ትሪያቸው ተመለሱ። እሷን ያሳፈራት መናገሯ ብቻ አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ እጇን ሰድዳ መብላቷም ነው።

«ሸማኔው» ስም አለው፤ ደርዊሽ ይባላል። ሰዓደት ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣች አንድ የመንግሥት የእደ ጥበብ ድርጅት ውስጥ የባህል ልብስ ዲዛይን እንድታወጣ ተመድባ ነበር። የድርጅቱ አሠራር ቀላል ነው፤ ቢሮ ተቀምጦ መሣል፣ ሥዕሉን ለሸማኔ ማኅበር መላክ፣ ተሠርቶ የመጣውን ልብስ ወደ ውጭ አገር መሸጥ። ማን ሠራው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ይኼ ነገር ሰዓደትን አንገበገባት። ሥዕሏን በብብቷ ሸጉጣ ራሷ ቃሊቲ ወረደች።

የማኅበሩ ቤት ከከባድ መኪናው ጎዳና ወረድ ብሎ ያለ፣ በፊት የእህል መጋዘን የነበረ ረጅም ቆርቆሮ ቤት ነው። ሸማኔዎቹ መሬቱን ቆፍረው፣ እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ሰድደው ነው የሚሠሩት። ስለዚህ ደርዊሽ ሰዓደትን በመጀመሪያ ያወቃት በጫማዋ ነው። የመጀመሪያ የፍቅር ቃሉም፣ ቀና ሳይል፣ «ድሩን ረገጥሽው!» የሚል ነበር።

ከዚያ በኋላ ወራት ሙሉ ተጨቃጨቁ። እሱ ሥዕሏን አይቶ፣ «ይኼ ልብስ ሳይሆን ቁርጥራጭ ነው፤ እኔ የሠራሁት ሸማ መቀስ እየዞረበት አይኖርም» አላት። እሷ ደግሞ፣ «አያትህ የሠሩትን ጥለት እስከ መቼ ትደግማለህ? እጅህ ሌላ አያውቅም?» አለችው። ተኮራረፉ። እሷ ሸማው በወጣበት ስፋት ልክ፣ ሳይቆረጥ የሚሰፋ ቀሚስ አሰበች። እሱ አንድ ሳምንት ሙሉ ካኮረፈ በኋላ፣ ማንም ቃሊቲ ውስጥ አይቶት የማያውቅ ብርቱካንማ ጥለት ሠርቶ ወረወረላት። «በቃሽ?» አላት። «አልበቃኝም» አለችው፤ አልዋሸችም።

ከዚያ ጭቅጭቅ ውስጥ ሕግ ወጣ። ሸማኔው ያልተስማማበት ሥዕል አይሠራም። ጥጡን የሚፈትሉት የሰፈሩ ሴቶች ናቸው፤ የፋብሪካ ክር አስገብቶ የእጅ ፈትል ነው ብሎ መሸጥ የለም። ልብሱ ለሕዝብ በታየበት ቦታ ሁሉ ደግሞ የሠራው ሰው በስሙ ይጠራል። ፍቅሩስ መቼ ገባ? እሱን ሁለቱም አያውቁትም።

*

ቅዳሜ ጠዋት ሰዓደት ማኅበሩ ቤት ስትገባ የመወርወሪያው ድምፅ አንድ ጊዜ ቀዝቀዝ አለ። በማግስቱ እሑድ በከፍተኛው የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር አዳራሽ የልብስ ትርዒት አለ፤ ቤቱ በሥራ መጨነቅ ሲገባው የተጨነቀው በሌላ ነገር ነው።

«እንደምን አደርሽ?» አለ ቀጀላ ከዳር ካለው ጉድጓድ። ቀጀላ የአቃቂ ገበሬ ልጅ ነው፤ ሽመናን ከደርዊሽ ተማረ፤ ነገረኛነቱን ግን ይዞት የመጣ ነው። «ዛሬም ለሥራ ነው?»

ሰዓደት ደነገጠች። የአባቷ እንግዶች ወሬውን አድርሰውት ኖሯል፤ የወሎ ሰው ወሬ ከኤንትሬ ይፈጥናል።

ደርዊሽ ቀና አላለም። መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ይልከዋል፤ ከቀኝ ይመልሰዋል። ጫማዋን እያየው እንደሆነ አውቃለች። «ውጣ፤ ላናግርህ» አለችው።

«ለሥራ ከሆነ እዚሁ ንገሪኝ።»

«ደርዊሽ!»

ወጣ። ከቤቱ ጀርባ፣ ሴቶቹ የፈተሉት ድር ለፀሐይ የተዘረጋበት ቦታ ቆሙ።

«አባቴ ናቸው የጠየቁኝ» አለች። «ቤቱ ሙሉ እንግዳ ነበር። ምን ልበል?»

«ያልሽውን ነዋ። ሸማኔ ነኝ፤ እሱ ስድብ አይደለም። አባትሽ ስድብ ቢያደርጉት የራሳቸው ጉዳይ ነው። እኔን የሰደበኝ ‹ለሥራ ነው› ያልሽው ነው።»

«ጊዜ ስጠኝ። ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ።»

«ቀስ ብለሽ ምን ልትይ? ‹ሸማኔ ቢሆንም ከጉድጓዱ ሲወጣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል› ልትይ?»

ሳቋን ዋጠችው፤ ፊቱ የሚያስቅ አልነበረም።

«ወንድሜን አላየሽውም» አለ ደርዊሽ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሙሀመድሰዒድን በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ በቀይ ሽብሩ ጊዜ፣ ከዚሁ ከጉድጓዱ አውጥተው ነው የወሰዱት። ሬሳውን አልሰጡንም። ማልቀስ ክልክል ነው ተባልን። እናቴ ምን እንዳደረገች ታውቂያለሽ? ጓዳ ገብታ፣ ጎረቤት ሰምቶ እንዳይጠቁም አፏ ውስጥ ጨርቅ ጎስጉሳ አለቀሰች። እኔ በሩን ይዤ ቆሜ ነበር። ያን ቀን አንድ ነገር ማልሁ፤ ከእንግዲህ የምወደውን ነገር በጓዳ አልይዝም ብዬ። አንቺ ደግሞ ዓርብ ዕለት ጓዳ አስገባሽኝ።»

«ታዲያ በነጋሪት ላስነግር?» አለች ሰዓደት፤ ስትጎዳ የምትቆጣ ሴት ናት።

«አዎ» አለ፤ አልሳቀም። «ወይ በአደባባይ፣ ወይ ተይው።»

ወደ ቤት ገብቶ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነጠላ ይዞ ተመለሰና እጇ ላይ አኖረው። ለነገው ትርዒት መደምደሚያ የታሰበው ነጠላ ነው፤ ሙሀመድሰዒድ ሲወሰድ የሽመና እንጨቱ ላይ ሳይጨርሰው የቀረ፣ ደርዊሽ ሦስት ዓመት ሙሉ መንካት አቅቶት ባለፈው ክረምት የጨረሰው። የሁለቱም ስም አብሮ እንዲጠራ ነበር ውሉ።

«ያው ትለብሺዋለሽ» አለ። «የወንድሜ ስም ግን አይጠራም። ጓድ ወልደየሱስ ትናንት መጥቶ ሰርዞታል። ይኼንንም ለሥራ ነው የነገርኩሽ።»

ጥሏት ገባ። ሰዓደት ነጠላውን ደረቷ ላይ አጥብቃ እንደያዘች ቆመች። በእሱ ተናደደች፤ በራሷ ደግሞ የባሰ። ንዴቷ ግን የሚሄድበት ቦታ ፈልጎ አጣ።

*

ንዴቷ ሄዶ ሄዶ ጓድ ወልደየሱስ ላይ አረፈ። ወልደየሱስ የከፍተኛው የባህል ጉዳይ ኃላፊ ነው። አዳራሹ ውስጥ ቀይ ጨርቅ ሲያሰቅል አገኘችው።

«የሠራ ሰው ስም ይጠራል ብለን ተስማምተን ነበር» አለችው።

«በሕይወት ያለ ሰው ስም ይጠራል» አለ፣ መሰላል ላይ ላለው ሰው እጁን እያወናጨፈ። «ወደ ግራ፣ ወደ ግራ! ስሚ ጓዲት ሰዓደት፣ የፀረ ሕዝብ ስም በእኔ ማይክራፎን አይጠራም።»

«ነጠላውን ግን ሠርቶታል።»

«ግማሹን» አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ። «ግማሹን ወንድሙ ጨርሶታል። ወንድሙ ይጠራ። ይልቅ አባትሽን የፊት ወንበር ሰጥተናቸዋል፤ ለትርዒቱ መኪናቸውን አበርክተዋል። እንዳታሳፍሪያቸው።»

ሰዓደት ብዙ መልስ ነበራት። አንዱንም አልተናገረችም። ከአዳራሹ ስትወጣ፣ መናገር የሚገባትን ሳትናገር ስትቀር ይኼ ሁለተኛ ጊዜዋ መሆኑን አሰበች፤ ያቺ ሐሳብ እንደ እሾህ ጫማዋ ውስጥ ገብታ ቤት ድረስ አብራት ሄደች።

*

እሑድ ከቀትር በኋላ አዳራሹ ሞላ። የሰፈሩ ልጃገረዶች ቀሚሶቹን ለብሰው አንድ በአንድ መድረክ ላይ ወጡ። ጓድ ወልደየሱስ ማይክራፎኑን አንቆ ይዞ የሠሪዎቹን ስም ይጠራል። የቀጀላ ስም ሲጠራ ቀጀላ ክፍል ውስጥ እንደተጠራ ተማሪ ብድግ ብሎ «አቤት!» አለ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ተቀመጠ። የሠራው ነገር ሲለበስ አይቷል እንጂ ስሙ ሲጠራ ሰምቶ አያውቅም።

ሰዓደት ከመጋረጃው ጀርባ ሆና በቀዳዳ ታያለች። አባቷ ከፊት፣ ኮታቸውን ግጥም አድርገው ቆልፈው፤ ከአጠገባቸው የሴቶች ማኅበሩ አባል እማማ አደሴ። ከኋላ ጥግ ይዘው የደርዊሽ እናት ኡምሀኒ፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ማንንም ሳያዩ። ደርዊሽ በሩ ጋ፣ እጁን አጣጥፎ ቆሟል። እንደማትደፍር እርግጠኛ የሆነ ሰው አቋቋም ነው።

ነጠላውን ለበሰች። የሙሀመድሰዒድ ጥለት ጥቅጥቅ ያለና ችኩል ነው፤ ቶሎ ቶሎ የሚናገር ልጅ ሳይሆን አይቀርም። እስከ መሀል ይመጣና ይቆማል። ከዚያ የደርዊሽ እጅ ይጀምራል፤ ሰፋ ያለ፣ የተረጋጋ። እጅ የተለወጠበት ቦታ በግልጽ ይታያል፤ ደርዊሽ ሊደብቀው አልሞከረም።

«የመጨረሻው!» አለ ማይክራፎኑ። «የአገራችን የባህል ነጠላ! የሠራው፣ ጓድ ደርዊሽ!»

ጭብጨባ። ሌላ ስም የለም።

ብዙ አላሰበችም። ብታስብ ኖሮ ዓርብ ዕለት እንዳሰበችው ነበር የምታስበው። ነጠላውን ከላይዋ ገፍፋ ዘቀዘቀችው፤ እግሯ ሥር የነበረው ጥለት ወጥቶ አንገቷ ላይ፣ ትከሻዋ ላይ ተኛ። እንደዚያ ሆና መድረክ ላይ ወጣች።

ጭብጨባው መሀል ላይ ተሰበረ። የቀበሌው አኮርዲዮን ሁለት ጊዜ አቃሰተና ዝም አለ። ያን ጊዜ ቃሊቲ ውስጥ እስላም ይሁን ክርስቲያን ነጠላ ሲዘቀዘቅ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። ባለ ሐዘን ናት። ሰው ሞቶባታል።

እማማ አደሴ ሐዘንተኛ ሲያዩ የሚያደርጉትን አደረጉ፤ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ከወንበራቸው ተነሡ። «ውይ በሞትኩት! ማን ሞተብሽ ልጄ?»

«ዋርሳዬ» አለች ሰዓደት።

ማይክራፎን አላስፈለጋትም። «ዋርሳዬ ነው እማማ። ሙሀመድሰዒድ ይባላል። ይኼን ነጠላ ጀምሮት ነበር፤ ሊጨርሰው አልሰጡትም። ወንድሙ ነው የጨረሰው።»

ዋርሳ የባል ወንድም ነው፤ ዋርሳ ያላት ሴት ባል ያላት ሴት ናት። አዳራሹ ይኼን ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደበት፤ ከዚያ አንገቱ ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። ደርዊሽ ያጣጠፈውን እጁን ፈትቶ ነበር። ምን እንደሚያደርግበት ግን አልታወቀውም።

ከኋላ አንድ ድምፅ ወጣ። መጀመሪያ ሳል ይመስል ነበር። ከዚያ ኡምሀኒ ጉልበታቸውን መትተው፣ «ልጄን! ሙሀመድሰዒድ ልጄን!» አሉ። ሦስት ዓመት ጨርቅ የተጎሰጎሰበት አፍ ነው፤ ሲከፈት የአዳራሹ ቆርቆሮ ነዘረ።

ተረት ብጽፍ ኖሮ ሰው ሁሉ ነጠላውን ዘቀዘቀ እል ነበር። አልዘቀዘቀም። ብዙው ሰው ጫማውን ነው ያየው። እማማ አደሴ ግን ዘቀዘቁ፤ እሳቸው ስለማን እንዳለቀሱ ሰፈሩ ያውቃል፣ አይናገርም እንጂ። መሀል ላይ አንዲት ሰዓደት የማታውቃት ሴት ዘቀዘቀች። ጓድ ወልደየሱስ «ሙዚቃ! ሙዚቃ!» ይላል፤ አኮርዲዮኑን የያዘው ሰው ጣቱን አላንቀሳቀሰም።

ሰዓደት ወደ በሩ ዞረች። ደርዊሽን አየችው። እሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጫማዋን ሳይሆን ዓይኗን እያየ፣ ከነሙሉ ቁመቱ ቆሞ ነበር። ፍርሃቷ አልጠፋም፤ ግን ከዚያ በኋላ የእሷ አለቃ አልሆነም።

*

አብዮት ጥበቃዎች ከአዳራሹ ወስደው፣ ቀበሌው ግቢ ውስጥ፣ ግድግዳ ሥር ካለ አግዳሚ ላይ አስቀመጧቸው። እንዲያዙ የታዘዘው ሰዓደትና ደርዊሽ ነበሩ፤ ኡምሀኒ ግን «ልጄንና ምራቴን ይዛችሁ እኔን የት ልትተዉኝ ነው?» ብለው መሀላቸው ገብተው ተቀመጡ። አብዮት ጥበቃው ጠመንጃውን ይዞ ተቸግሮ ቆመ።

«ባል መሆኔን ከመድረክ ሰማሁ» አለ ደርዊሽ በእናቱ ትከሻ አሻግሮ።

«ቅር አለህ?»

«ሽማግሌ ልልክ አስቤ ነበር።»

«እስክትልክ እናረጃለን።»

ኡምሀኒ እንባቸውን እየጠረጉ ሁለቱንም በክርናቸው ጎሰም አደረጉ። «ለቅሶ ላይ ነን፤ እፈሩ!»

ከዚያ የግቢው በር ተንኳኳ። እማማ አደሴ ናቸው። «ምን ፈልገው ነው?» አለ ጠባቂው።

«ለቅሶ ልደርስ።»

«እዚህ ቀበሌ ነው!»

«ባለ ሐዘኖቹ እዚህ አይደሉ? የት ልሂድልህ?» ገብተው መሬት ላይ ተቀመጡ። ከእሳቸው ኋላ ቀጀላ ከነሸማኔዎቹ መጣ። ከዚያ ጥጥ ፈታዮቹ ሴቶች። ከዚያ ያቺ የማትታወቀው ሴት። እያንዳንዱ ጎንበስ ብሎ ኡምሀኒን፣ ደርዊሽን፣ ሰዓደትን በየተራ «አላህ ሰብሩን ይስጥሽ»፣ «እግዜር ያጥናህ» እያለ ቦታ ይይዛል። ጠባቂው በሩን ቢዘጋው ይሻል እንደሆነ ያስባል፤ ለቅሶ ደራሽ ፊት በር መዝጋት ግን እሱንም እናቱ ያላስተማረችው ነገር ነው።

በመጨረሻ አብዱልጀባር መጡ። እዚያው ግቢ ካለው ከወልደየሱስ ቢሮ ነው የወጡት። ለቀስተኛውን እንዳላዩ አልፈው ልጃቸው ፊት ቆሙ።

«ተነሺ» አሉ። «ጨርሼልሻለሁ። መድረክ ላይ ደንግጣ፣ በስህተት ነው የዘቀዘቀችው ብያለሁ። አንቺም እንደዚያው ትያለሽ፣ እንሄዳለን።»

ደርዊሽ ቀስ ብሎ፣ «በያቸው» አላት። «እኔ ሰምቻለሁ። ለእኔ ይበቃኛል። በይና ሂጂ።»

«አንተ ዝም በል» አለች ሰዓደት። ተነሥታ አባቷ ፊት ቆመች። «አባባ፣ ስህተቱ የዓርቡ ነው። ለሥራ ነው ያልኩዎት። እሱን ነው የምመልሰው።»

«ሥራሽን ያሳጡሻል። ያስሩሻል።»

«ሊሆን ይችላል።»

«ለሸማኔ?» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ግን ሁሉም ሰማ። «ለቁጢት በጣሽ?» አሉ፤ የሸማኔ ስድብ ነው።

«አደባባይ ላይ ‹ላብ አደር ለዘላለም ይኑር› ሲባል ሲያጨበጭቡ አይቼዎታለሁ። ላብ አደሩ ሸማኔ የሚሆነው እኛ ቤት በር ላይ ሲደርስ ነው?»

እጃቸው ተነሣ። ሰዓደት አልሸሸችም። እጁ አየር ላይ ቆየ፤ ከዚያ የኮታቸውን ቁልፍ ፈልጎ ወረደ። አብዱልጀባር ፊታቸውን መልሰው ወደ በሩ ሄዱ።

በሩ ጋ ለመድረስ ግን በለቀስተኛው መሀል ማለፍ አለባቸው። አሰብ በረሃ ላይ ሳይቀር፣ የማያውቁት ሰው ሲቀበር ካዩ መኪናቸውን አቁመው የሚወርዱ ሰው ናቸው፤ ከሐዘንተኛ ፊት ዝም ብሎ ማለፍ በእሳቸው ዘንድ ከሰውነት መውጣት ነው። እግራቸው ከበደ። ቆሙ። ተመለሱ።

ኡምሀኒ ፊት ጎንበስ አሉ። «አላህ ሰብሩን ይስጥሽ እህቴ።»

«አሚን» አሉ ኡምሀኒ።

ወደ ደርዊሽ ዞሩ፤ ዓይኑን ሳያዩ፣ «አላህ ሰብሩን ይስጥህ» አሉ። «አሚን።»

ከዚያ ሰዓደት ቀረች። እሷን ዘለው ቢሄዱ ልጃቸው የዚያ ሐዘን ቤተሰብ አይደለችም ማለት ነው፤ ነገሩ እዚያው ያበቃል፣ የሚከሳቸውም የለም። ለእሷ ያቺን ቃል ከሰጧት ግን ሐዘኑ የእሷ ነው ብለው በሰው ፊት መሰከሩ። ሁለቱም ይኼን ያውቃሉ። አባትና ልጅ ተያዩ። ሰዓደት ለመነቻቸው ለማለት አይቻልም፤ ጠበቀቻቸው።

አብዱልጀባር የኮታቸውን ቁልፍ ፈቱ።

«አንቺንም» አሉ፤ ድምፃቸው ሻከረ። «አንቺንም አላህ ሰብሩን ይስጥሽ።»

ይቅርታ አልነበረም። ምርቃትም አልነበረም። በሩን አልፈው ሲሄዱ ዘወር ብለው አላዩአትም፤ ምናልባት ለብዙ ጊዜ አያዩአት ይሆናል። ሰዓደት ግን አንገቷን አልደፋችም። ጓድ ወልደየሱስ ቢሮው ውስጥ ሆኖ እስኪሰማ ድረስ፣

«አሚን!» አለች።